ስለ መውደቅና ስለ መነሣት
በገዳሙ መቶኛ ዓመት በዓል በኢየሩሳሌም የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ብፁዓን አባቶች፣ የተከበራችሁ መነኮሳትና መነኮሳይያት፣ ከሩቅ አገር የመጣችሁ ተሳላሚዎች ሆይ፤

ኢትዮጵያውያን በዚህች ቅድስት ከተማ የጸለዩበት ዘመን ብዙ መቶ ዓመታትን ያስቈጠረ ነው፤ ዛሬ የምናከብረው የዚህን ቤት መቶኛ ዓመት ነው። እንዲህ ባለ ቀን ያለፉትን አባቶች ጾምና ትዕግሥት ማወደስ ልማድ ነው፤ ተገቢም ነው። እኔ ግን ስለ ሌላ ነገር እንድናገር ፍቀዱልኝ። በእነዚህ መቶ ዓመታት በዚህ ቅጽር የኖሩት ሁሉ ሰዎች ነበሩ። ተቈጥተዋል፤ ተቀያይመዋል፤ ሰንፈዋል፤ ተስፋ ሊቈርጡ የደረሱባቸው ሌሊቶችም ነበሩ። ቢሆንም ደወሉ በተደወለ ጊዜ ተነሥተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ስለ ሄዱ፣ ጸሎቱ ሳይታጐል ለእኛ ደረሰ።

ይህን ለማስረዳት ከዚህ ርቀን መሄድ አያስፈልገንም። በደብረ ጽዮን ምሥራቃዊ ቁልቁለት ላይ በዶሮ ጩኸት ስም የምትጠራውን ቤተ ክርስቲያን ተሳላሚዎች አይታችኋል። ቅዱስ ጴጥሮስ በሊቀ ካህናቱ ግቢ የፍም እሳት እየሞቀ ሦስት ጊዜ መካዱ የሚታሰብባት ናት። በዚያች አንዲት ሌሊት ከዐሥራ ሁለቱ መካከል ሁለት ሰዎች ወደቁ፤ ይሁዳ ሸጠ፣ ጴጥሮስ ካደ። ሁለቱም ተጸጸቱ። ይሁዳ ብሩን እንደ መለሰና በደሉን በአፉ እንደ ተናገረ ወንጌላዊው ማቴዎስ ጽፎልናል። እንግዲህ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ይሁዳ ጸጸቱን ይዞ ብቻውን ሄደ፤ ጴጥሮስ ግን መራራ ልቅሶ ካለቀሰ በኋላ በወንድሞቹ መካከል ተገኘ። ከሁሉ ይልቅ አልክድህም ብሎ የነበረው እርሱ ነውና፣ በምን ዐይን እያያቸው እንደ ተቀመጠ አስቡ! ኀፍረቱን ታግሦ ስለ ተቀመጠ ግን፣ የትንሣኤው ዜና በመጣ ጊዜ ወደ መቃብሩ ከሮጡት አንዱ ለመሆን በቃ።

ጌታችንም በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ዳግመኛ የፍም እሳት አዘጋጅቶ ጠበቀው። በእሳት ዳር ሦስት ጊዜ የካደውን በእሳት ዳር ሦስት ጊዜ ስለ ፍቅሩ ጠየቀው፤ ከዚያም በጎቹን አደራ ሰጠው። በደሉን አልዘረዘረበትም፤ እንዳልነበረ አድርጎም አላለፈውም። ሦስቱ ጥያቄ ሦስቱን ቍስል እየዳሰሰ ፈወሰ።

ሁለተኛው ምስክራችን በየዓመቱ ሰኔ 24 ቀን በስንክሳር የምናስበው አባ ሙሴ ጸሊም ነው። ይህ አባት በግብፅ በረሓ በአስቄጥስ ከመመንኰሱ በፊት ወንበዴና ነፍሰ ገዳይ ነበረ፤ ከመነኰሰም በኋላ የቀድሞው ምኞት ወዲያው አልተወውም። አንድ ቀን ፈተናው ቢበረታበት በዓቱን ትቶ ወደ አባ ኤስድሮስ ሄደና ወደዚያ መመለስ እንደማይቻለው ነገረው። አረጋዊው ወደ ቤቱ ጣራ ይዞት ወጣ። ወደ ምዕራብ ቢያሳየው ለውጊያ የሚታወክ የአጋንንት ጭፍራ ተመለከተ፤ ወደ ምሥራቅ ቢያሳየው ቍጥር የሌላቸው ብሩሃን መላእክት ለርዳታ ሲላኩ አየ። ሙሴም ተጽናንቶ ወደ በዓቱ ተመለሰ። ልብ በሉ፤ በዚያች ሰዓት የተሰጠው የመመለሻ ኀይል ነበረ፤ ውጊያው ገና ይጠብቀው ነበር። በዴር ሡልጣን፣ በቅድስት ዕሌኒ ጸሎት ቤት ጣራ ላይ በዓት ያለን እኛ ኢትዮጵያውያን፣ በወጣንና በወረድን ቍጥር ያን ጣራ ልናስብ ይገባናል።

ስለ ራሴም አንድ ነገር ልናገር። ከብዙ ዓመታት በፊት በዐቢይ ጾም፣ በጥቂት የመብራት ዘይት ምክንያት ከአንድ ወንድሜ ጋር ተጣላሁና ክፉ ቃል ተናገርሁት። ከዚያ በኋላ ጾመ ድጓ ለመቆም አፈርሁ፤ እያደርም ከሌሊቱ ጸሎት ቀረሁ። እንደ እኔ ያለ ሰው በእግዚአብሔር ፊት ሊቆም አይገባውም እል ነበርና ምክንያቴ ለራሴ መልካም ይመስለኝ ነበር። አንድ አረጋዊ አባት ግን ወደ በዓቴ መጥተው፣ «ልጄ፣ ይህ ትሕትና አይምሰልህ፤ ትዕቢት ነው። ራስህን እንደማይወድቅ ሰው ትቈጥር ስለ ነበር መውደቅህ ገረመህ። ተነሥ፤ ወንድምህን ይቅርታ ጠይቅና ና ቁም» አሉኝ። የወንድሜ በር ከእኔ በር ጥቂት እርምጃ ነበረ፤ እኔ ግን ከአገሬ ኢየሩሳሌም ከመጣሁበት መንገድ ይልቅ ረዘመብኝ። እርሱም ከፈተልኝ። በዚያ ሌሊት ብዙ አልተነጋገርንም፤ ሲነጋ ግን ጎን ለጎን ቆመን ኪዳን አደረስን። ቍጣዬ በዚያው ፈጽሞ ለቀቀኝ ብል እዋሻለሁ፤ ከዚያ ወዲያም ይቅርታ ለመጠየቅ በብዙ በር ቆሜአለሁ።

ይህን ስል ኀጢአት ቀላል ነገር ነው ማለቴ አይደለም። ነገ እነሣለሁ እያለ ዛሬ ወዶ የሚወድቅ ሰው በእግዚአብሔር ምሕረት ይቀልዳል። መነሣትም በሐሳብ ብቻ አይፈጸምም፤ ከንስሓ አባት ዘንድ ቀርቦ በደልን ሳይሸፍኑ መናገር፣ ቀኖናን መፈጸም፣ የወሰዱትን መመለስ፣ ከተጣሉት ጋር መታረቅ፣ ከዚያም ወደ ቅዱስ ቍርባን መቅረብ ያስፈልጋል።

ተሳላሚዎች ሆይ፤ ጎልጎታን ተሳልማችሁ፣ ወደ ዮርዳኖስ ወርዳችሁ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ሰዎች ያከብሯችኋል። ከጥቂት ወራት በኋላ የቀድሞው ጠባይ ተመልሶ ቢያገኛችሁ፣ ኢየሩሳሌምን ካየሁ በኋላ ይህን አደረግሁ ብላችሁ በኀፍረት ከቤተ ክርስቲያን አትራቁ። ያን ጊዜ ይልቁንም ቅረቡ። እዚህ የተሳለማችሁት መቃብር ባዶ መሆኑን አስቡ።

ይህ ቤት ሁለተኛውን መቶ ዓመት ሲጀምር እኛ ከአባቶቻችን የምንበረታ ሆነን አይደለም። ዛሬ ሌሊትም ደወሉ ይደወላል፤ ከመካከላችን የደከመው፣ ያፈረው፣ የተጣላው ሁሉ ተነሥቶ ይምጣ። ጎኑ የሚቆመውም ቦታ ይልቀቅለት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።