ስለ «ቅሪላ»
(በአቃቂ ለተማሪዎች ከተደረገ ንግግር)



ልጅ ከሜዳ አምሽቶ ሲገባ እናት «ቅሪላ ስታለፋ ዋልህ!» ብላ ትቆጣለች። ቅሪላ ያለችው ኳሱን ነው። ነገሩ ግን ከቆዳ ቤት የመጣ ነው፤ ማልፋት የቆዳ ሠራተኛ ሥራ ነውና። ጥሬው ቆዳ በችካል ተወጥሮ ይደርቃል፥ ይነከራል፥ ጠጉሩ ይፋቃል፤ ከዚያም በእጅ እየታሸ፥ በእግር እየተረገጠ ይለፋል። ቀድሞ ኳስ ከቆዳ ይሰፋ ስለ ነበር፥ ቀኑን ሙሉ ሲረግጡት የሚውሉትን ሕዝቡ በቆዳ አልፊ መሰላቸው።

ቀልዱ መልካም ነው። ነገር ግን «መፋቅ» ከሚለው ከዚያው ሥራ «ፋቂ» የሚል ስድብ ወጥቶ፥ ቆዳ አልፊውን በብዙ አገር ከማዕድና ከጋብቻ ለይቶታል። በ1954 ዓ.ም. ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ ግብጽን 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካን ዋንጫ ሲወስድ፥ ያ የተጨበጨበለት ኳስ ቆዳ ነበር። ኳሱን አቅፎ፥ ቆዳውን ያለፋውን እጅ መጸየፍ ምን ይባላል?

በ1978 ዓ.ም. ከተደረገው የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ ወዲህ የዋንጫው ኳስ ሰው ሠራሽ ሆኗል። ቆዳው ሄደ፤ ቃሉ ቀረ። ስድቡም አብሮ ቀረ።

በአቃቂ ወንዝ ዳር ስናልፍ የቆዳ ፋብሪካ ሽታ ያስመርረናል። ወንዙ ይጥራ ብሎ መጮኽ ተገቢ ነው፤ ሠራተኛውን መናቅ ግን ሌላ ነገር ነው። እንግዲህ ወዳጆቼ፥ ቅሪላችንን እናልፋ፤ «ፋቂ» ማለትን ግን እንተው።