ከአጥሩ በፊት የነበረ ምንጭ

 

ዛሬ ጠዋት ወደዚህ የምረቃ አዳራሽ የመጣሁት ሆን ብዬ በእግሬ ነው። ከጊዮርጊስ ተነሥቼ፣ የአፄ ምኒልክን ሐውልትና አዲሱን የዓድዋ ድል መታሰቢያ አልፌ፣ አቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ሥር ጥቂት ቆምኩ። አራዳ ተለውጣለች። በ2016 ዓ.ም. ብዙ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ልጅነታችንን የምናውቅባቸው መታጠፊያዎች ዛሬ ሰፊ መንገድ ሆነዋል። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልትም ቢሆን ለባቡሩ ግንባታ ሲባል ከቦታው ተነሥቶ ከቆየ በኋላ ነው የተመለሰው። እዚያ ቆሜ ያሰብኩት ይህን ነው፤ ድንጋይ ተነሥቶ ይመለሳል፤ ታሪኩ ያልተጻፈለት ሰው ግን አንዴ ከሄደ የሚመልሰው የለም።

ስለዚህ ስለ አንድ ሊቅ ልነግራችሁ መጣሁ። ቄስ ዶክተር ዕዝራ ገብረ መድኅን ይባላሉ፤ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ልጅ ናቸው። የተሰማሩበት ሙያ የነገረ መለኮት ታሪክ ነው። ይህ ሙያ ቤተ ክርስቲያን ያመነችውን በየዘመኑ እንዴት እንደተረዳችው፣ በምን ቃል እንደተናገረችው፣ ስለምንስ እንደተከራከረችበት ይመረምራል። ሙያው ትዕግሥት ይጠይቃል። የሞቱ ሰዎችን በሕይወት እንዳሉ አድርጎ ማዳመጥ፣ ከመፍረድ በፊት መስማት ይጠይቃል።

ዶክተር ዕዝራ በስዊድን አገር በኡፕሳላ የሠሩት የዶክትሬት ጥናት የታተመው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ርእሱ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «ሕይወት ሰጪ በረከት» ይሆናል፤ የሚመረምረውም የእስክንድርያው ቄርሎስ ስለ ቅዱስ ቁርባን ያስተማረውን ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉ። አንድ ኢትዮጵያዊ ወንጌላዊ፣ በሉተራኖች አገር በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጦ፣ የፈለገውን ርእስ መምረጥ ሲችል ወደ ቄርሎስ ሄደ።

ቄርሎስ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ412 እስከ 444 በእስክንድርያ መንበር የተቀመጠ፣ በ431 በኤፌሶን ጉባኤ ንስጥሮስን የተቃወመ አባት ነው። ትምህርቱ በአክሱም ዘመን ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ ተመልሶ፣ መጽሐፉ ራሱ «ቄርሎስ» ተብሎ በስሙ ተጠራ። ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴዎችም አንዱ በእርሱ ስም ይጠራል። «ተዋሕዶ» የሚለው ቃላችን የቆመው በእርሱ ትምህርት መሠረት ላይ ነው።

ቄርሎስ ከንስጥሮስ ጋር የተከራከረው ቃል ለመሰንጠቅ አልነበረም። ከጥያቄዎቹ አንዱ ይህ ነበር፦ ምእመኑ ከጌታ ማዕድ የሚቀበለው የማንን ሥጋ ነው? የአንድ ደግ ሰው ሥጋ ብቻ ከሆነ ሕይወት ሊሰጥ አይችልም። ቃል ራሱ የገዛ ሥጋው ያደረገው ከሆነ ግን ሕይወት ይሰጣል። የሊቃውንቱ ክርክር መድረሻው አንዲት መበለት እጇን ዘርግታ የምትቀበለው ማዕድ ነበር። ተመራቂዎች ሆይ፣ ይህን ያዙልኝ፤ ወደ ተርታው ምእመን ማዕድ የማይደርስ ነገረ መለኮት ገና ሥራውን አልጀመረም።

«ወንጌላዊ በቄርሎስ ምን አገባው?» የሚል ይኖራል። ከወንጌላውያኑም ከተዋሕዶውም ወገን ይኖራል። የዶክተር ዕዝራ የምርምር ሕይወት ለዚህ ጥያቄ መልስ ነው ብዬ አምናለሁ። በመካከላችን ያለውን አጥር አልክድም፤ የቆመበት ምክንያትም አለው። ምንጩ ግን ከአጥሩ በፊት ነበረ። እርሳቸውም ቆፍረው የወረዱት ወደዚያ ምንጭ ነው።

ወደ ኋላ ብትሄዱም አጥሩን የተሻገረ ወዳጅነት ታገኛላችሁ። በ17ኛው መቶ ዘመን በጀርመን ጎታ ከተማ ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል ሉተራን ሊቅ ነበር። ግዕዝንና አማርኛን ያስተማረው ከአማራ አገር ከመካነ ሥላሴ የሄደው መነኩሴ አባ ጎርጎርዮስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ ተዋወቁ፤ በ1652 ጎታ ላይ አብረው ተቀመጡ። በ1698 የታተመው የመጀመሪያው የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍ ከዚያ ወዳጅነት የተወለደ ነው።

ከዚያም በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ አቡ ሩሚ በመባል የሚታወቀው ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ካይሮ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መለሰ። የእጅ ጽሑፉን ገዝቶ ያሳተመው የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ነው፤ አራቱ ወንጌላት እ.ኤ.አ. በ1824፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ወጡ። የተረጎመው የገዳም ልጅ፣ ያተመው የፕሮቴስታንት ማኅበር፣ ያነበበው ደግሞ የደብር ካህን ነበር።

ስለዚያ አንባቢ ካህን ሰፋ አድርጎ የጻፈልን ስዊድናዊው ጉስታቭ አሬን ነው። እርሱም በዚያው በኡፕሳላ፣ ከዶክተር ዕዝራ አንድ ዓመት ዘግይቶ እ.ኤ.አ. በ1978፣ ስለ ኢትዮጵያ የወንጌል ቀዳሚዎች የጻፈውን ጥናት አሳተመ። ቀጣዩ መጽሐፉ፣ እ.ኤ.አ. ከ1898 እስከ 1936 ያለውን የሚተርከው፣ በ1999 ወጣ። አሬን የሚያሳየን የወንጌላውያን እንቅስቃሴ በሻንጣ ተጭኖ የመጣ ዕቃ እንዳልነበረ ነው። በሐማሴን በጸዓዘጋ አካባቢ መጽሐፍ ቅዱስን ያነበቡ ካህናት ነበሩ፤ ባነበቡት ምክንያትም ጠይቀዋል፣ ተሰደዋል፣ አስተምረዋል። አስቡት፤ ስዊድናዊው የእኛን አባቶች ታሪክ ሲፈልግ፣ ኢትዮጵያዊው የመላውን ዓለም ቤተ ክርስቲያን አባት ሲመረምር በአንድ ከተማ ተገናኙ። ያን ጊዜ እዚህ አዲስ አበባ ቀይ ሽብር ነበር። ልጆች በየመንገዱ በሚወድቁበት ሰዓት የአምስተኛ መቶ ዘመን መጽሐፍ መግለጥ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ሞት ሁሉን ነገር ሲያስረሳ የሚያስታውስ ሰው መኖሩን እንደ ምሕረት እቆጥረዋለሁ።

ጠዋት ከሐውልቱ ሥር ያቆመኝም ይኸው ነው። አቡነ ጴጥሮስ በፋሺስቶች ጥይት የተገደሉት ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በደርግ ዘመን ተወስደው የተገደሉት ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ነው። 43 ዓመት ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው ማለት ነው። አንዱ የተዋሕዶ ጳጳስ፣ አንዱ የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ቄስ፤ ሁለቱም በዚህችው ከተማ መንጋቸውን አልከዱም። የቄስ ጉዲና አስከሬን ተገኝቶ በክብር ያረፈው በ1984 ዓ.ም. ነበር። የታሪክ መምህር ሥራ እነዚህን ሁለት ሰማዕታት በአንድ ዓይን ማየት ነው። የራሱን ወገን ብቻ የሚቆጥር መዝገብ የዕድር መዝገብ እንጂ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ አይሆንም።

አሁን አንድ ጸጸቴን ልንገራችሁ። እዚሁ ፒያሳ አካባቢ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤቶች ሲዘጉ ምእመናን በቤታቸው ይሰበሰቡ ነበር። ጫማ ደጅ ላይ ከበዛ ጎረቤት ይጠረጥራል ተብሎ እያንዳንዱ ጫማውን በእጁ ይዞ እንደሚገባ፣ መዝሙርም በሹክሹክታ እንደሚዘመር አጫወቱኝ። «ሰኞ ደብተርና እርሳስ ይዘህ ና፣ ስማቸውን አንድ በአንድ እነግርሃለሁ» አሉኝ። ሰኞ ሥራ በዛብኝና ቀረሁ። በሌላኛው ሳምንት ስሄድ ደጃቸው ላይ ድንኳን ተተክሎ አገኘሁ። ጫማቸውን ይዘው የገቡት እነማን እንደነበሩ ዛሬም አላውቅም። ቤቱም አሁን የለም። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት እውነት መሆኑን በዚያ ድንኳን ሥር ተማርኩ።

ውድ ተመራቂዎች፣ አደራዬ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ግዕዝ ተማሩ። የአባቶችን ትምህርት ከሌሎች ቋንቋዎች በትርጉም ብቻ እያነበባችሁ፣ ከአክሱም ዘመን ጀምሮ በገዛ አገራችሁ የተቀመጠውን አትለፉት። ሁለተኛ፣ የማትስማሙበትን ሰው ከጽሑፉ እንጂ ከተቃዋሚው አፍ አትስሙት፤ ስለ ወገናችሁም ስትጽፉ የሚያኮራውን ብቻ ሳይሆን የሚያሳፍረውንም ጻፉ። ሦስተኛ፣ እያንዳንዳችሁ በምትመደቡበት አጥቢያ ከአንድ ሽማግሌ ወይም ከአንዲት እናት ጋር ተቀምጣችሁ የሰማችሁትን መዝግቡ። ስም፣ ቀን፣ ቦታ ጻፉ። ሰኞ ከተባላችሁ ሰኞ ሂዱ።

ወላጆች፣ ልጆቻችሁ ዛሬ የለበሱት ጋዋን ነገ ይመለሳል፤ እናንተ የከፈላችሁት ዋጋ ግን ከእነርሱ ጋር ይኖራል። እግዚአብሔር የድካማችሁን ፍሬ ያሳያችሁ። እናንተንም ተመራቂዎች፣ የሚቆፍር ክንድ፣ የሚሰማ ጆሮ፣ ለእውነት የሚታመን ብዕር ይስጣችሁ። አገራችንን ይባርክ።