ታክሎባን፦ ማስጠንቀቂያው ደርሶ ቃሉ ያልገባት ከተማ

በሬዲዮ ያቀረብነውን ንግግር ላልሰማችሁም፣ ሰምታችሁ በጽሑፍ ማስቀረት ለምትፈልጉም እነሆ። ዛሬ የምናወጋችሁ በፊሊፒንስ ስለምትገኝ ታክሎባን ስለምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። በእስራኤል ከተሞች አረጋውያንን ደግፈው በየመንገዱ ሲያንሸራሽሩ ከምታዩአቸው ሴቶች ብዙዎቹ የመጡት ከዚያው አገር ነው። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ታክሎባን ያለችው ሌይቴ በተባለች ደሴት ላይ ነው። ከፊት ለፊቷ ሳማር የምትባል ሌላ ትልቅ ደሴት አለች። በሁለቱ መካከል ያለው ባሕር በደቡብ በኩል ሰፍቶ ይጀምርና ወደ ከተማይቱ በቀረበ ቁጥር እየጠበበ ይሄዳል። ይህን ጥበት ልብ በሉልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ከተማይቱ በስፔን ዘመን፣ በ1830፣ የሌይቴ አውራጃ ዋና ከተማ ሆነች። እንጀራዋ ወደብዋ ነበር። በዚያ በኩል ኮፕራ፣ ማለትም የደረቀ ኮኮናት፣ ይጫን ነበር፤ አባካም ይላክ ነበር። አባካ የእንሰት ዘመድ የሆነ ተክል ነው፤ እኛ አገር ከእንሰት ቃጫ እንደሚወጣ ሁሉ እነሱም ከአባካ ጠንካራ የመርከብ ገመድ ያወጡበታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ኦክቶበር 20 ቀን 1944፣ የአሜሪካው ጄኔራል ማክአርተር ከታክሎባን በስተደቡብ ፓሎ በተባለው ስፍራ ጦሩን ይዞ ወረደ፤ ማኒላ እስክትለቀቅ ድረስም የፊሊፒንስ መንግሥት ጊዜያዊ መቀመጫ ታክሎባን ሆነች። በ1973 ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የሳን ሁዋኒኮ ድልድይ ሌይቴንና ሳማርን አገናኘ። ከዚያ ወዲህ የሁለቱ ደሴቶች ሰው ለገበያም፣ ለትምህርትም፣ ለሕክምናም የሚመጣው ወደዚህችው ከተማ ነው። በ2020 ቆጠራ ነዋሪዎችዋ ከ250,000 በላይ ነበሩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ። ኖቬምበር 8 ቀን 2013፣ ዓርብ ጧት፣ ታይፉን የሚባለው የባሕር አውሎ ነፋስ ደረሰ። ዓለም ሀይያን አለው፣ ፊሊፒኖች ዮላንዳ። መምጣቱ አስቀድሞ ታውቋል፤ ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም ተናግሯል። የአገሩ ሰው ደግሞ ለአውሎ ነፋስ እንግዳ አይደለም፤ በየዓመቱ ብዙ ጊዜ ይመጣበታል። ስለዚህ ጣራውን በገመድ አሰረ፣ ምግብ አከማቸ፣ ብዙ ቤተሰብም ሴቶችና ልጆችን አርቆ አባወራው ንብረት ሊጠብቅ ቀረ። ሁሉም የተዘጋጀው ለነፋስ ነበር። የገደለው ግን ውኃ ነው።

ማስጠንቀቂያው ውኃውንም ጠቅሶ ነበር፤ የጠቀሰው ግን «ስቶርም ሰርጅ» በሚል የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ይህም አውሎ ነፋስ ባሕሩን ወደ የብስ ገፍቶ ሲያመጣው ማለት ነው። ቃሉ በባለሙያ ዘንድ ትክክል ነው። የታክሎባን ሰው በቤቱ የሚናገረው ግን ዋራይ የተባለ ቋንቋ ነው፤ «ስቶርም ሰርጅ» ለብዙው የዝናብና የማዕበል ሌላ ስም ብቻ መሰለው። ሱናሚ ይመጣል ቢባል ኖሮ ሮጠን ወደ ኮረብታ በወጣን ነበር ያሉ ከተረፉት ብዙ ናቸው። ከመሥሪያ ቤት የመጣ ደብዳቤ በእጁ ይዞ አንዲት ቃል አልገባ ብላው የተጨነቀ አንባቢ ይህን ያለ ማስረጃ ይረዳዋል።

ባሕሩ በዚያ በጠበበው ወሽመጥ ተገፍቶ ሲመጣ መሄጃ ስላጣ ወደ ላይ ከፍ አለ፤ 5 እና 6 ሜትር ያህል ሆኖም ከተማይቱ ውስጥ ገባ። ትልልቅ መርከቦች ከነአካላቸው ሰፈር መሐል ተቀመጡ። መጠለያ ከተባሉት ሕንጻዎች አንዳንዶቹ ራሳቸው ባሕሩ አጠገብ ስለነበሩ እዚያው ውስጥ የሰመጠ ሰው አለ። በአገሪቱ በሙሉ በመንግሥት ቆጠራ ከ6,300 ያላነሱ ሰዎች ሞቱ፤ ከፍተኛው ቁጥር የታክሎባን ነው።

የሚቆጨው ነገር ይህ ለከተማይቱ አዲስ አለመሆኑ ነው። በኦክቶበር 1897 እንዲሁ አውሎ ነፋስ ባሕሩን አምጥቶ በሌይቴና በሳማር ብዙ ሕዝብ ፈጅቷል፤ ሆሴ አልጌ የተባሉ የማኒላ የአየር ጠባይ መመልከቻ ቄስም መጽሐፍ ጽፈውበታል። መጽሐፉ በስፔንኛ ቀረ፤ ወሬው ግን ከአያት ወደ ልጅ ልጅ አልደረሰም።

ከውኃው በኋላ መብራት፣ ስልክ፣ የቧንቧ ውኃ ሁሉ ጠፋ። ፖሊሱም፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛም፣ ነርሷም ራሳቸው ቤታቸው የፈረሰ፣ ዘመድ የሞተባቸው ስለነበሩ ሥራ የሚገባ ሰው ታጣ። እርዳታ ከውጭ መጣ። የእስራኤል ጦር ሐኪሞችም በዚያው ወር በሴቡ ደሴት በስተሰሜን፣ ቦጎ በተባለች ሌላ የተጎዳች ከተማ፣ ሆስፒታል ተክለው ከ2,000 በላይ ሕሙማን አክመዋል። ኑሮው ግን በአንድ ወር አልተመለሰም። ወደ 33 ሚሊዮን የሚጠጋ የኮኮናት ዛፍ ወድቋል ወይም ተጎድቷል፤ አዲስ የተተከለ ኮኮናት ደግሞ ፍሬ እስኪሰጥ 6 እና 7 ዓመት ይፈጃል።

አንድ ነገር ግን ቶሎ ተለወጠ። በዲሴምበር 2014 ሀጉፒት የተባለ ሌላ ታይፉን ሲመጣ ማስጠንቀቂያው ባሕሩ ስንት ሜትር እንደሚነሳና የትኛው ሰፈር እንደሚደርስ በግልጽ ተናገረ። በአገሪቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው አስቀድሞ ለቆ ወጣ። የሞቱት በአሥር የሚቆጠሩ ነበሩ።

መንግሥት በባሕሩ ዳር ረጅም ግድብ ሠራ፤ ከዳርቻ የነበሩትንም በከተማይቱ ሰሜን በተሠሩ አዳዲስ ሰፈሮች አሰፈረ። ቤቱ ከማዕበል ርቋል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ቤቱ ሲሰጥ የቧንቧ ውኃ አብሮ አልመጣም፤ ሕዝቡ ለዓመታት በቦቴ መኪና የሚመጣ ውኃ ሲጠብቅ ኖሯል። ዓሣ አጥማጁም ጀልባው ባሕር ዳር፣ እሱ በረሐብ ባይሆንም በርቀት ተቸግሮ፣ ሌሊት ተነስቶ የመኪና እየከፈለ ወደዚያው ወደ አሮጌው ዳርቻ ይወርዳል።