ለድመት ጥሬ ሥጋ ስለመስጠት
(በሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ስለ አይጥ ስንነጋገር ድመት ያላችሁ እጃችሁን አውጡ ቢባል ከግማሽ በላይ አወጣን። ዛሬ የምናገረው ለነዚሁ ድመቶች ስለምንሰጠው ጥሬ ሥጋ ነው። ፋሲካ እየቀረበ ስለሆነ ጊዜው ነው። በግ ሲታረድ መጀመሪያ ደርሳ የምትጮኸው ድመት ናት፤ ሳንባው ይጣልላታል፣ ጣፊያው ይጣልላታል። አንዳንዶቻችን ደግሞ ከሱፐርማርኬት ደረቁን የድመት ምግብ ገዝተን፣ ከሥጋ ቤት ቅንጥብጣቢ ለምነን፣ አንድ ሳህን ላይ እንቀላቅልላታለን።

«ድመት ሥጋ በል ናት፤ አንበሳ ቀቅሎ ይበላል ወይ?» የሚል አይጠፋም። ሥጋ እንደሚያስፈልጋት እውነት ነው። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን ስለማይሠራ ከምግብ ማግኘት አለባት። ይኸ ሲጎድል ልቧ እንደሚደክም በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ዴቪስ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1987 አሳውቀዋል። እንግዲህ ሁዳዴን 55 ቀን ከኛ ጋር ሽሮ እየላሰች የምትጾም ድመት ትጎዳለች ማለት ነው። ይሁን እንጂ ሥጋ ብቻውንም አይበቃትም። አንበሳው እኮ አጥንቱንም ሆድ ዕቃውንም ነው የሚበላው! ቀይ ሥጋ ካልሲየሙ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ በሥጋ ብቻ ያደገች ግልገል አጥንቷ ሳስቶ ስትዘል ይሰበራል።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ድመቷ ነው። አሁን ስለ ራሳችን ልናገር። ቶክሶፕላዝማ የሚባል በዓይን የማይታይ ተውሳክ በበግና በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደብቆ ይገኛል። ድመት ጥሬውን ስትበላ፣ ወይም አይጥ ስትበላ ይይዛታል። አብዛኛውን ጊዜ እሷ ምንም አትሆንም። ነገር ግን መጀመሪያ በያዛት ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ ዕንቁላሉን በዓይነ ምድሯ በሚሊዮን ትጥላለች፤ እርጥብ አፈር ውስጥም ወራት ይቆያል። ጤነኛ ሰው ቢይዘው ብዙ ጊዜ ሳይታወቀው ያልፋል። ነፍሰ ጡር ሴት ግን በእርግዝናዋ ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዛት ጽንሱ ሊወርድ፣ ወይም ሕፃኑ የዓይንና የአንጎል ጉዳት ይዞ ሊወለድ ይችላል። በሕመም ምክንያት የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎችም እንዲሁ መጠንቀቅ አለባቸው።

ታዲያ ድመቷን እናባርር? የለም፤ አይጡን ማን ሊይዝልን! ዕንቁላሉ ከወጣ በኋላ ሰው ለመያዝ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ የምትጸዳዳበት አሸዋ በየቀኑ ከተጠረገ አደጋው በጣም ይቀንሳል። ነፍሰ ጡሯ ግን አትንካው፤ ባልየው ይጥረግ። (እዚህ ላይ እናቶች አጨበጨቡ።) ድመቷን ብቻ መክሰስም አግባብ አይደለም። እኛው ቁርጥና ጥሬ ክትፎ ስንበላ ይኸው ተውሳክ በቀጥታ ሊገባብን ይችላል። ነፍሰ ጡር እኅቶቻችን በዘንድሮው በዓል ክትፎው በደንብ በስሎ ይቅረብላቸው፤ ለብለብ አይበቃም።

የድመቷንም ሥጋ ቀቅሉላት፤ ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት። ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የድመትን ደም ስለሚጎዳ ወጥ የሚባል ነገር አይሰጣት። ታውሪኑ ወደ ውሃው ስለሚወጣ መረቁን አትድፉት፣ አብራችሁ ስጧት። የተቀቀለ አጥንት ግን ተሰንጥሮ አንጀት ስለሚወጋ ይቅርባት። ደረቁን ምግብ የምትገዙ ሰዎች፣ ሥጋው ከዕለት ምግቧ ከአሥር እጅ አንዱን ካላለፈ ሚዛኑ አይዛባም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ለአጥር ሥራ የመጣውን፣ ከማኅበሩ ቢሮ ደጃፍ የተቆለለውን አሸዋ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሌሊት የሰፈሩ ድመቶች ይጸዳዱበታል፤ ከሰዓት በኋላ ልጆቻችን ቤት ይሠሩበታል። አሮጌ ሸራ ወይም ላስቲክ ያላችሁ እስከ ቅዳሜ ለጥበቃው ስጡልን፤ ከበዓሉ በፊት እንሸፍነዋለን።