ስለ ጥንት ልብስ አሰፋፍ ትምህርት

በኢዮቤልዩው በዓል ሰሞን በሎንዶን ለተሰበሰቡ ምእመናን የተደረገ ንግግር



እንድናገር የታዘዝሁት የጥንት ልብስ እንዴት እንደሚሰፋና ይህም ጥበብ ዛሬ በምን ዓይነት ትምህርት እንደሚገኝ ነው። ነገሩ ከእንዲህ ካለ ጉባኤ ይልቅ ለልብስ ሰፊ ደጅ የሚገባ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ነገር ግን ከአገራችን የወጣ አንድ የእቴጌ ቀሚስ በምንኖርባት በዚች ከተማ ተቀምጦ ስለ ሆነ፤ ጥቂት ብትታገሡኝ ጉዳዩ የእኛም መሆኑን ታዩታላችሁ።

አስቀድሜ በእንግሊዝ አገር የሆነውን ላውጋችሁ። ዓመቶቹንም የአገራችን ነው ካላልሁ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ። ጃኔት አርኖልድ የሚባሉ፤ በ1932 ተወልደው በ1998 ያረፉ ሴት ነበሩ። ሥዕል የልብስን ፊት ያሳያል እንጂ ገበሩን፤ ስፌቱንና በብብት ሥር የተጨመረችውን ቁራጭ አያሳይም። ስለዚህ እኒህ ሴት በየሙዚየሙ እየዞሩ፤ ከጥንት የተረፈውን ልብስ ራሱን እያገላበጡ፤ እያንዳንዱን ክፍል እየለኩ፤ የልብሱ አንድ ኢንች በወረቀት ላይ የኢንች ስምንተኛ እጅ እየሆነ ቅዱን ነደፉት። «የፋሽን ቅዶች» ብለን ልንተረጉመው የምንችለው መጽሐፋቸው፤ የመጀመሪያው ክፍል በ1964፤ ሁለተኛው በ1966፤ ሦስተኛው በ1985 ታተመ። አራተኛውን ሳይፈጽሙ ስለ ሞቱ የሥራ ባልንጀሮቻቸው ጨርሰው በ2008 አወጡት።

ከዚሁ ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ በሦስተኛው ክፍል ያለው የኤሌኦኖራ ነገር ነው። ኤሌኦኖራ የፍሎረንሱ መስፍን የኮሲሞ ሚስት ነበረች፤ በ1562 ሞታ ከነልብሷ ተቀበረች። ከመቃብር የተገኘው ሳቲንና ከፋይ ግን የተበላና የቆሸሸ ቁርጥራጭ ነበር። ከዚያ ቁርጥራጭ የቀሚሱ ቅድ ተለክቶ ስለ ተነደፈ፤ ዛሬ መርፌ በሚገባ የለመደ ሰው ያንኑ ቀሚስ መልሶ ሊሰፋው ይችላል።

ሆኖም ቅድ ያገኘ ሁሉ ልብስ ሰፊ አይሆንም። በ1997 በቴምስ ወንዝ ዳር በተከፈተው በሼክስፒር ግሎብ ቲያትር፤ ጄኒ ቲራማኒ የተባሉት የልብስ አዋቂ በሠሩበት ዘመን፤ የተዋንያኑ ልብስ በጥንቱ አኳኋን ከተልባ እግር ጨርቅ፤ ከሱፍና ከሐር በእጅ ይሰፋ ነበር። እርሳቸውም በኋላ ከባልንጀሮቻቸው ጋር የታሪካዊ ልብስ ትምህርት ቤትን በዚሁ በሎንዶን አቋቋሙ፤ ትምህርት ቤቱም በ2018 የመጽሐፉን አምስተኛ ክፍል አሳተመ።

በእንዲህ ያለ ትምህርት የሚሰጠው ምንድር ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፤ ከአቀማመጥ ይጀምራል እላችኋለሁ። የጥንት ልብስ ሰፊ በጠረጴዛ ላይ እግሩን አጣጥፎ ይቀመጥ ነበር፤ ይኸውም ጨርቁ መሬት ለመሬት እንዳይጎተትና ክብደቱ በጭኑ ላይ እንዲያርፍ ነው። ክሩን በሰም ያሽ ነበር፤ ሰም ያልነካው ክር ይጠላለፋል፤ ቶሎም ይበጠሳል። ተማሪው ይህን ከለመደ በኋላ እጁን ታጥቦ አሮጌውን ልብስ ይመረምራል፤ ይለካል፤ ይነድፋል። ከዚያ ቅዱን በርካሽ አቡጀዲ ቆርጦ በሰው ገላ ላይ ያለብሰዋል። ይህ ጊዜ ነው ጭንቁ፤ አንገቱ ላይ አንድ ጣት የተሳሳተ እንደ ሆነ ትከሻው ሁሉ ይዛባልና። ፈትቶ ያርማል፤ እንደገናም ያለብሳል። ወደ ውድ ጨርቅ የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

በዚህ ሥራ ላይ የሚቆይ ሰው መጽሐፍ ብቻ ሲያነብ የማይሰማውን አንድ ነገር ይረዳል። በጥንት ዘመን ጨርቅ ውድ፤ የሰው ድካም ርካሽ ነበር፤ ዛሬ ተገልብጧል። ስለዚህ የጥንቱ የእንግሊዝ ሸሚዝ ከአራት ማዕዘን ቁራጮች ብቻ ይቆረጥ ነበር፤ ከጨርቁም የሚጣል አልነበረም ማለት ይቻላል።

የእኛስ ሸማ? መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ ስለሚወረወር፤ ስፋቱ የሸማኔው ክንድ ከሚደርስበት አያልፍም። ቀሚሱም የሚቀደደው ይህን ስፋት እየተከተለ ነው። ይህንም ጥበብ አባቶቻችን ያለ ጥቁር ሰሌዳ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ከጋሞ ደጋ መጥተው በአዲስ አበባ በሽሮ ሜዳ የተቀመጡት ሸማኔዎች ልጃቸውን ከጉድጓዱ አጠገብ አስቀምጠው ቀሰም በማጠንጠን አስጀመሩት፤ ድሩንና ማጉን፤ ጥለቱንም እያየ አደገ። እናቶችም ጥጡን በመዳመጫ ፈልቅቀው፤ በደጋን ነድፈው፤ በእንዝርት ፈትለው ክሩን ያቀርቡ ነበር።

ነገር ግን ሸማውን እየለበስን ሸማኔውን የሰደብን እኛው ነን። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓመተ ምሕረት በአገራችን አቆጣጠር፤ የእጅ ሥራ የሚሠራውን በሥራው ምክንያት ማንም እንዳይሰድበው በአዋጅ መከልከላቸው፤ ስድቡ ምን ያህል በዝቶ እንደ ነበረ ያስረዳል። የተናቀን ሰው ሙያ ማን ጠይቆ ይጽፈዋል? የነገሥታቱን ዜና ጻፍን፤ የካባቸውን ቅድ ግን አልነደፍንም። አሁን ደግሞ በመኪና የታተመ ጥለት ከባሕር ማዶ እየመጣ ይሸጣል። ከኋላው ዚፕ የገባበትን ቀሚስ የጎንደር ዘመን ልብስ ነው ብለው ሲያሳዩኝ፤ ዚፑን በየትኛው ንጉሥ ዘመን አስገቡት ብዬ ለመጠየቅ ይቃጣኛል።

ወደ ቀሚሱ ነገር ልምጣ። አጼ ቴዎድሮስ በ1868 በመቅደላ በሞቱ ጊዜ ባለቤታቸው እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ፤ በሙዚየሙ አጠራር ወይዘሮ ጥሩነሽ፤ ከልጃቸው ከልዑል ዓለማየሁ ጋር በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቁ። እርሳቸው በዚያው ዓመት በግንቦት በመንገድ ላይ ሞቱ፤ ልጃቸውም በ1879 በእንግሊዝ አገር ሞተ። የእርሳቸው ነው የሚባለው በሐር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ ግን በዚሁ በሎንዶን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። ሙዚየሙ በ2018 የመቅደላን ዕቃ ለይቶ ባቀረበ ጊዜ ብዙዎቻችን ሄደን በመስተዋት ውስጥ አየነው።

አየነው እንጂ አልለካነውም። የወሰዱት ይመልሱ የሚለው ክርክር ትክክል ነው፤ ግልባጭ መስፋትም ያን አይተካም። ይሁን እንጂ ቀሚሱ እስኪመለስ ድረስ የእጅጌው ቅድ እንዴት ነው? ጥልፉ የተጠለፈው ከመሰፋቱ በፊት ነውን ወይስ በኋላ? ይህን መጠየቅ ማንም አይከለክለንም። ሙዚየሙ በ2025 በምሥራቅ ሎንዶን በከፈተው ታላቅ የዕቃ ማኖሪያ፤ ማንም ሰው ቀጠሮ ይዞ የመረጠውን ዕቃ ቀርቦ እንዲያይ የሚያደርግ ሥርዓት አቁሟል። ስለዚህ ቀሚስም በጽሑፍ ልንጠይቅ ይገባናል።

ለዚሁም ከወጣቶቻችን ስድስት ወይም ሰባት ቢሰጡኝ፤ በመጀመሪያ በአቡጀዲ እናለማምዳቸዋለን። ነገር ግን ወጣቶች ብቻቸውን ቢሄዱ ክሩን ያያሉ እንጂ እጁን አያውቁም። ስለዚህ እናቶቼ ሆይ፤ ከእናንተ መካከል በልጅነቷ የፈተለች ወይም የጠለፈች አብራን ትምጣ፤ ጥልፉ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ በጣቷ የምታሳየን እርሷ ናት። በዚያ ቦታ ቀለም ስለማይፈቀድ የሚያዘው እርሳስ ብቻ ነው። እርሳስና የልኬት ገመድ ከእኔ ዘንድ አለ፤ መነጽር ግን እያንዳንዱ የራሱን ይያዝ።