ጠላቶች ስለምን ተመሳሳይ አይሮፕላን ይሠራሉ?

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር



የአዘዞ አይሮፕላን ማረፊያ ከፀዳ ሩቅ ስላልሆነ የአይሮፕላን ድምፅ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዛሬ የምንናገረው ግን መንገደኛ ስለሚያጓጉዘው ሳይሆን ከራዳር ለመሸሸግ ስለሚሠራው ተዋጊ አይሮፕላን ነው። የአገራችንን ነገር በአገራችን ዘመን አቆጣጠር፥ የውጭውን በፈረንጆች አቆጣጠር እንናገራለን።

የአሜሪካ ኤፍ 22 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በ1997 ነው። የሩሲያ ሱኮይ 57 በ2010፥ የቻይና ጄ 20 በ2011፥ የቱርክ ካአን ደግሞ በ2024 ተነሡ። ሥዕላቸውን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ምልክታቸውን በእጃችሁ ብትሸፍኑ፥ የትኛው የማን እንደ ሆነ ለመለየት ትቸገራላችሁ። አብዛኞቹ ሁለት ወደ ውጭ ያዘነበሉ ጭራዎች አሏቸው፤ ጎናቸው የተጠረበ ይመስላል፤ ከሆዳቸው በታች የተንጠለጠለ ቦምብ አይታይም። እነዚህ መንግሥታት ግን አንዱ የሌላውን ምሥጢር ለማየት የሚጠባበቁ ተፎካካሪዎች ናቸው። ስለዚህ ብዙ ሰው ነገሩን በአንድ ቃል ይዘጋዋል፤ «ተሰራርቀው ነው» ይላል። እኛም ይህ ፍርድ ትክክል መሆኑን ልንመረምር ተነሥተናል።

በመጀመሪያ፥ የተፎካካሪዎች አይሮፕላን ሁልጊዜ ተመሳስሎ እንደማያውቅ ከአገራችን ታሪክ እንረዳለን። በሐምሌ ወር 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ወደ ኦጋዴን በገባ ጊዜ የኢትዮጵያ አየር ኃይል አሜሪካ ሠራሽ ኤፍ 5፥ ሶማሊያ ደግሞ ሶቪየት ሠራሽ ሚግ 21 ነበራቸው። ኤፍ 5 ሁለት ሞተር፥ አጭር ክንፍና ሹል አፍንጫ አለው። ሚግ 21 አንድ ሞተርና ባለ ሦስት ማዕዘን ክንፍ ሲኖረው አየር የሚስበው በአፍንጫው በኩል ነው። ሁለቱን ሕፃን እንኳ ይለያቸዋል። ሥራቸው ተቀራራቢ ነበር፤ ነገር ግን ፈጣንና ቀላል ተዋጊ ለመሥራት ከአንድ የበለጠ መንገድ ስለ ነበረ እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ ሄደ።

ከዚያ በኋላ በየካቲት ወር 1991 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሱኮይ 27 እና የኤርትራ ሚግ 29 በሰማይ ላይ ተጋጠሙ። እነዚህስ እጅግ ይመሳሰላሉ። የሁለቱም ሞተሮች ተራርቀው ተቀምጠዋል፤ ሁለት ሁለት የቆሙ ጭራዎች አሏቸው፤ ክንፋቸውም ከገላቸው ጋር ተዋሕዶ ይወጣል። የሁለቱም የመጀመሪያ ናሙና በ1977 በረረ። የነደፏቸው ሁለት የተለያዩ ድርጅቶች ሲሆኑ፥ ሁለቱም ቅርጻቸውን ያገኙት በሞስኮ አጠገብ ካለው አንድ የሶቪየት የአየር ጥናት ተቋም ምርምር ነው። እንግዲህ የመመሳሰል አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ መምህራቸው አንድ ነበር። ሁለት ወንድማማች ሕዝቦች ከአንድ መምህር እጅ የወጣ መሣሪያ ይዘው መዋጋታቸው ግን የሚያሳዝን ነገር ነው።

አሜሪካና ቻይና በአንድ ተቋም አልተማሩም። እነርሱን የሚያመሳስላቸው ሌላ መምህር ነው፤ እርሱም የተፈጥሮ ሕግ ነው። ራዳር የማይታይ ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ አይሮፕላኑን መትቶ ሲመለስ ራዳሩ «እዚያ አለ» ይላል። ይህን ለመረዳት ከጎንደር ወደ አዘዞ ስንወርድ የምናየውን የቆርቆሮ ጣራ እናስብ። አንዱ ጣራ ከአንድ ቦታ ስናየው ዓይን እስኪያጭበረብር ያበራል፤ ጥቂት እርምጃ እንዳለፍን ብልጭታው ይጠፋል። ፀሐይዋ አልጠለቀችም፥ ጣራውም ከቦታው አልተነሣም፤ ብርሃኑ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ እንጂ። ከራዳር የሚሸሸግ አይሮፕላንም እንዲሁ ነው። ሞገዱን ከላኪው ዘንድ እንዳይመልስ፥ ወደ ሌላ አቅጣጫ እንዲሰድ ተደርጎ ይቀረጻል።

ከዚህ አንድ ሐሳብ ብዙ ነገር ይወለዳል። ሁለት ገጾች በቀጥታ ማዕዘን ሲገናኙ ሞገዱን ወደ መጣበት ይመልሳሉ፤ ስለዚህ ጭራው ቀጥ ብሎ መቆሙ ቀርቶ እንዲያዘነብል ተደረገ። የክንፉና የጭራው ጠርዞች በልዩ ልዩ አቅጣጫ ቢሆኑ ብልጭታው በየቦታው ይታያል፤ ስለዚህ ጠርዞቹ በጥቂት አቅጣጫዎች ብቻ ትይዩ ሆኑ። የሞተሩ መዘውር በግልጽ ቢታይ ብዙ ሞገድ ይመልሳል፤ ስለዚህ አየር የሚገባበት ቱቦ ብዙ ጊዜ ጠመዝማዛ ይደረጋል። የተንጠለጠለ ቦምብና ሚሳይል ብልጭታ ስለሚጨምር በሆድ ውስጥ ተከተተ። ሒሳቡም ቀላል አይደለም። አይሮፕላኑ የሚታይበትን ርቀት በግማሽ ለመቀነስ የሚመልሰው ሞገድ በግማሽ ቢቀንስ አይበቃም፤ ወደ 1/16ኛ መውረድ አለበት። ስለዚህ ነዳፊው እያንዳንዱን ጠርዝ ሳይመረምር አያልፍም።

በመንደራችን ሁለት የተጣሉ ጎረቤቶች አሉ እንበል። ሰላምታ ባይለዋወጡም የሁለቱም ጎጆ ክዳን ሾጣጣና ሣሩም ወደ ታች የተደረደረ ነው። አንዱ ከሌላው ሰርቆ አይደለም፤ የክረምቱ ዝናብ ለወዳጅም ለጠላትም ስለማያዳላ ነው። ጠፍጣፋ የሣር ክዳን ቢሠሩ በሁለቱም ቤት ያፈሳል።

የዚህ ዕውቀት ታሪክም ትምህርት ይሰጣል። ፒዮትር ኡፊምፀቭ የተባለ የሶቪየት ሊቅ ሞገድ ከጠርዝ ላይ እንዴት እንደሚበተን የሚያሰላ መጽሐፍ በ1962 በግልጽ አሳተመ። የአሜሪካ አየር ኃይል በ1971 በእንግሊዝኛ አስተረጎመው። ሎክሂድ በተባለው ድርጅት የሚሠራው ዴኒስ ኦቨርሆልሰርም አንብቦ ለኮምፒዩተር ስሌት አዋለው። ከዚያ የተገኘው ኤፍ 117 በ1981 በረረ። የዚያ ዘመን ኮምፒዩተር ጠማማ ገጽን ለማስላት አቅሙ ስላነሰ፥ አይሮፕላኑ እንደ ተጠረበ ድንጋይ በጠፍጣፋ ገጾች ብቻ ተሠራ። እነሆ፥ ቀመሩ ከሩሲያ ወጣ፥ አይሮፕላኑን ግን ቀድማ የሠራች አሜሪካ ሆነች። መጽሐፍ ጠቃሚነቱ ለሚያነበው ነው።

ነገር ግን ስርቆት የለም ብንል ሐሰት እንናገራለን። በ2016 አንድ ቻይናዊ ነጋዴ ከተባባሪዎቹ ጋር የአሜሪካን የጦር አይሮፕላን መረጃ በኮምፒዩተር ለመስረቅ መዶለቱን በአሜሪካ ፍርድ ቤት አመነ፤ መረጃው ስለ ኤፍ 22 እና ስለ ኤፍ 35 የሚናገር ነበረበት። ሕጉም ቢሆን አንድ መልክ ብቻ አይፈቅድም። ኤፍ 22 በ1991 የተመረጠው ዋይ ኤፍ 23 ከተባለ ሌላ አሜሪካዊ ናሙና ጋር ተወዳድሮ ነው። ዋይ ኤፍ 23 ከራዳር ለመሸሸግ የተሠራ ሳለ፥ ክንፉ አራት ማዕዘን አልማዝ ይመስል ነበር፤ አራት የጭራ ክንፎች በመያዝ ፈንታም ሁለት የተንጋደዱ ብቻ ነበሩት። እንግዲህ ሕጉ መንገዱን ያጠብባል እንጂ ፈጽሞ አይዘጋም። ኋላ የመጡት ከጠባቡ መንገድ ውስጥ ሌላው ሄዶ የተሳካለትን ዱካ መከተል መረጡ። የእኛ ፍርድ እንግዲህ ይህ ነው፤ ይበልጡን የተፈጥሮ ሕግ፥ ቀጥሎ የቀደመው ሰው አርአያ፥ አንዳንድ ጊዜም ስርቆት።

መምህራኖቻችን ይህን ፍርድ ከእኛ አስቀድመው ያውቁታል። ሠላሳ ተማሪዎች የአንዱን ሒሳብ መልስ 12 ብለው ቢጽፉ መምህሩ አይጠረጥርም፤ ትክክለኛው መልስ 12 ነውና። ሁለት ተማሪዎች ግን አንድ ዓይነት ስሕተት በአንድ መስመር ላይ ቢሠሩ ያን ጊዜ ይጠራቸዋል። መልሱ አንድ መሆኑ ብቻ መኮረጅን አያስረዳም፤ የሚያስረዳው አሠራሩ ነው።

መልክን መኮረጅ የሚጠቅመውም እስከ ተወሰነ ድረስ ነው። የካአን መልክ አዲስና ያማረ ሳለ፥ በ2024 ከመሬት ያነሡት ሁለቱ ሞተሮች አሜሪካ ሠራሽ ነበሩ። ቅርጽ በፎቶግራፍ ይታያል፤ በእሳት ውስጥ የማይቀልጥ የሞተር ብረት፥ ሞገድ የሚውጥ ቀለም፥ ይህን ሁሉ የሚያዝ ስሌት ግን በፎቶግራፍ አይታይም። እነዚህን የሚያገኛቸው ብዙ ዓመት የደከመ ብቻ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ለመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ሩቅ አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና መኮረጅን ለመከላከል በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እንዲሰጥ ተደረገ። ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶ 3.3 ያህል ብቻ ነበሩ። በዚህ ቍጥር ማንንም ልንወቅስ አልተነሣንም፤ ከእኛ በፊት የተፈተኑት ታላላቆቻችን ናቸው። ቍጥሩ ግን የተማረ ሰው መልክና የተማረ ሰው ሞተር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ይነግረናል። ደብተርና የክፍል ስም መልክ ናቸው። የምንበርበት ግን ማታ በኩራዝም ሆነ በመብራት ተቀምጠን፥ መልሱን ካገኘን በኋላ እንኳ «ስለምን እንዲህ ሆነ?» ብለን የጠየቅነው ነው።

ስለዚህ ታናናሾቻችንን የምንለምነው አንድ ነገር ነው። የጓደኛችሁ መልስ ከእናንተ ጋር ቢመሳሰል አትፈሩ፤ እውነት ለሁሉም አንድ ናትና። ነገር ግን መንገዱን ራሳችሁ ሂዱበት። ወላጆቻችንም «ስንት አገኘህ?» «ስንት አገኘሽ?» ብላችሁ ስትጠይቁ፥ «እንዴት አገኘኸው?» «እንዴት አገኘሽው?» የሚለውንም ጨምሩልን። አገራችንም ወደ ፊት በራሷ ልጆች እጅ የምትሠራው አይሮፕላን ከጦር ይልቅ ሕመምተኛን ወደ ሐኪም፥ እህልንም ወደ ተራበ የሚያደርስ እንዲሆን ምኞታችን ነው።