የቤተ ክርስቲያን የውስጥ እንጨት እድሳት፦ ከመስቀል በፊት ወይስ በኋላ?

(በአታትና በአካባቢው ለሚገኙ ካህናትና የሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር)



በጉራጌ ምድር ዓመቱ የሚቆጠረው በመስቀል ነው። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በሥራ የሚኖረው ወገን በመስከረም ወደ አገሩ ይገባል፤ ወላጆቹን ይጠይቃል፤ ደብሩን ይሳለማል፤ ስእለቱን ያገባል። ከዚህም የተነሣ ነሐሴ ሲጋመስ በየአጥቢያው አንድ ዓይነት ጥድፊያ እናያለን። እንግዳው ከመድረሱ በፊት የቅኔ ማኅሌቱ በርና መስኮት ቀለም ይቀባ፣ ኮርኒሱ ቫርኒሽ ይደረግበት ይባላል። አሳቡ መልካም ነው፤ ወሩ ግን ለእንጨት ሥራ ከወራት ሁሉ የከፋ ነው።

እንጨት ከተቆረጠ ከመቶ ዓመት በኋላም ቢሆን ከአየሩ እርጥበት መውሰዱንና መልሶ መስጠቱን አያቆምም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያብጣል፤ ከጥቅምት ጀምሮ ይኮማተራል። በነሐሴ የተቀባ ቀለም ውስጡ ያለውን ውኃ ዘግቶ ያስቀረዋል። በጋ ሲገባ ያ እርጥበት መውጫ ይፈልጋል፤ ቀለሙንም ከሥሩ አንሥቶ ያሳብጠዋል፤ ለጥምቀት ሲደረስ መላጥ ይጀምራል። ኮሚቴውም ቀለም ሻጩን ይወቅሳል። በሚቀጥለው ዓመት በተላጠው ላይ ሌላ ቀለም ይደረባል። ጥቂት ዓመታት እንዲህ ከታለፈ በኋላ «ይህ በር አርጅቷል፤ በብረት እንለውጠው» የሚል አሳብ ይመጣል። በሩ ግን አላረጀም፤ ያረጀው ቀለሙ ነው።

ስለዚህ የምንለምናችሁ፣ ገንዘቡ በመስቀል ይሰብሰብ፤ ሥራው በጥቅምትና በኅዳር ይሠራ። እንግዳው የተላጠውን በር ቢያይ ነውር የለበትም፤ እንዲያውም እጁን ለመዘርጋት ይነሣሣል።

አሮጌውን እንጨት አጥብቀን የምንከላከለው ያለ ምክንያት አይደለም። አባቶቻችን በር የሠሩበትን ሰፋፊ የዝግባና የጽድ ሳንቃ ዛሬ ከገበያ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በብዙ ቦታ እነዚህ ዛፎች የቀሩት በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ነው፤ እነርሱንም ለበር እንቁረጥ የሚል ከመካከላችሁ አይኖርም ብለን እናምናለን። አሮጌው ሲጣል በምትኩ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ወይም ችፑድ ነው። ባሕር ዛፍ ሳይደርቅ ከተሠራ ይጣመማል፤ ችፑድ ውኃ ሲነካው አብጦ ይፈረካከሳል።

ከእንጨቱ በፊት ጣሪያው ይታይ። በክረምት ወደ ውስጥ ገብቶ የውኃ ነጠብጣብ ያለበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት ማድረግ ለነሐሴ የሚስማማ ሥራ ነው። የቆርቆሮው ምስማር ቀዳዳ ሳይደፈን ኮርኒሱን ማደስ ገንዘብ ማባከን ነው። በየቤታችን የምናውቀው የሣር ጎጆ ማገር በምድጃ ጢስ ስለሚጠቁር ነፍሳት እምብዛም አይደፍሩትም፤ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን ምድጃ የለም። ምስጥን ለመከላከል ተብሎ የተቃጠለ የሞተር ዘይት በምሰሶና በበር ላይ ሲቀባም አይተናል። ይህ ሊቀር ይገባል። ሽታው በቀላሉ አይለቅም፤ በላዩ ቀለም አይዝም፤ ጧፍ በሚበራበት ቤትም ለእሳት ይመቻል።

ጽዳቱ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይጀመር። የጧፍና የዕጣን ጥላሸት ቅባት ስላለበት መጀመሪያውኑ በውኃ ከታሸ ወደ እንጨቱ ይሰርጋል። የፈሰሰ ሰም በቢላዋ ሳይሆን በእንጨት ፍቃፊ ይነሣ። ከዚያ በኋላ ለስላሳ ሳሙና በነካው፣ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ መጥረግ ይቻላል። አሮጌ የዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፈግ፤ ብናኙ በተለይ ለሕፃናት መርዝ ነው። እየረጠበ ይፈግፈግ፤ ሠራተኛውም አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፤ የአብነት ተማሪዎች ከአጠገቡ ይራቁ።

የበር እግር ሲበሰብስ እስቱኮ መሙላት የተለመደ ነው። እስቱኮ ለምስማር ቀዳዳ እንጂ ለበሰበሰ እንጨት አይሆንም። የበሰበሰው እስከ ጤነኛው ድረስ ተቆርጦ ይውጣ፤ በምትኩ የዚያው ዓይነት ደረቅ እንጨት፣ የዘሩ አቅጣጫ ከአሮጌው ጋር ተስማምቶ፣ በኮላና በሞረሳ ይያዝ። የሳንቃ ስንጥቅ ደግሞ በበጋ ይሰፋል፣ በክረምት ይጠባል። በጠንካራ ነገር ጢቅ ተደርጎ ከተደፈነ በክረምት ሌላ ቦታ ይሰነጠቃል። ቀጭን የእንጨት ዘንግ አስገብቶ በአንድ ወገን ብቻ በኮላ ማጣበቅ ይበቃል። ለአትሮንስና ለመሳሰለው ጎማላካ ያምራል፤ ለማደስም ይቀላል። ውኃ ለሚነካው በር ግን አይስማማም።

ሥዕል ያለበትን ሳንቃ፣ በሸራ ተሥሎ የተለጠፈውንም ጭምር፣ አትንኩት። በጥንቱ አሣሣል ቀለሙ የተያዘው ከቆዳ በሚወጣ ሙጫ በመሆኑ በእርጥብ ጨርቅ እንኳ ይለቃል፤ ቫርኒሽ ከተቀባም ከጊዜ በኋላ ቢጫ ይሆናል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረትም የቅርስ ጥገና አስቀድሞ የባለሥልጣኑን ፈቃድ ይፈልጋል። ወደ መቅደስ ስለሚገባው ሠራተኛ ሥርዓቱን እናንተ አባቶች ታውቁታላችሁና እኛ አንናገርም።

የመጨረሻው ስለ እሳት ነው። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተተወ፣ ዘይቱ ሲደርቅ በሚፈጥረው ሙቀት ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቁ ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ አንድ በአንድ ተዘርግቶ ይድረቅ፣ ወይም ውኃ በሞላበት ጣሳ ይነከር። ማታ ቁልፉን የሚይዘው ሰው ይህን ሳያረጋግጥ በሩን አይቆልፍ።